የሚያስተኛኝ ሰው

ጎተንበርግ፣ መስከረም 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምህር ንጋቱ፣
ሰቆጣ

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ገብሱ ነጥቶ፣ ብርዱም ወገብዎን ሳይደፍረው ይቆይልኝ። ለእትዬ ታይቱ ጉልበት እስማለሁ ይበሉልኝ። እኔ በአምላክ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሥራዬም ያው ነው፣ ሽማግሌዎችን ማጠብና ማልበስ።

ባለፈው ስለ ጉልበቴ ሕመም ጽፌልዎት ነበር። ያልጻፍኩት ነገር አለ። መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሆኛለሁ። እኛ ዘንድ ቢሆን «ሥጋ ያዘች፣ ተመስገን» ይባልልኝ ነበር። እዚህ ሐኪሟ ቁጥሩን ትጽፍና ዝም ትላለች። ስኳር ጀምሮኛል። ተኝቼ ሳለሁም ትንፋሼ ይቆማል አሉኝ፤ በመሣሪያ ለክተው ነው ያወቁት። ይቆማል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይመለሳል። የት ደርሶ እንደሚመለስ አላውቅም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና አድርገው ጨጓራዬን ሊያሳንሱት ነው። ቀኑ ኅዳር 27 ነው።

ቀዶ ሐኪሙን አልፈራሁም። አብራኝ የምትሠራ ሴት ግን አንድ ነገር ተናገረችኝ። «ስለሚቆርጥሽ ሰው ሁሉም ይጠይቃል፤ ስለሚያስተኛሽ ሰው የሚጠይቅ የለም። ትንፋሽሽን የሚይዘው ግን እሱ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ጠየቅሁ። ማደንዘዣ የሚሰጠኝን ባለሙያ ስም በደብዳቤ ላኩልኝ። በፈረንጅ ፊደል ስለተጻፈ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ደጅይጥኑ ካሤ።

አጎቴ፣ የሚያውቁትን ልነግርዎት አይደለም፤ ለራሴ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው ብዬ ነው። በ1987 ልጅዎ ዘመናይ ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ገባች። አልነቃችም። ያስተኛት ሰው ደጅይጥኑ ካሤ ይባል ነበር። እርስዎ አቤቱታ ጻፉ። አሥራ አንድ ሰው ፈረመበት፤ እኔ አራተኛዋ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ «ፈርሚ» አሉኝ፣ ፈረምኩ። ሰውየው ከሥራው ታገደ፣ ከዚያ በሱዳን በኩል ወጣ ሲባል ሰማን።

በዓለም ላይ ስንት ደጅይጥኑ ካሤ ማደንዘዣ ይሰጣል?

እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። የቤቴ ስልክ ቁጥር ከታች አለ።

እጅ የምትነሳዎ
ሶስና


ሰቆጣ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶስና፣

ሰላምታዬ ተራራውን ተሻግሮ፣ በረዶውን ሳይፈራ ይድረስሽ። አክስትሽም እኔም አለን። ጋዝጊብላ በኩል ገብሱ ደህና ይዟል፤ ሰሃላ ግን ዝናቡ ቶሎ ቆሟል ይላሉ። የወልድያ መንገድ ስለተጠገነ አውቶቡሱ አሁን አያድርም። ትምህርት ቤቱ አዲስ ዳይሬክተር መጥቶለታል፤ እጅ ጽሕፈቱ አያምርም።

ስለ ሕክምናሽ ሰማን። ፈጣሪ የሐኪሞቹን እጅ ይባርክ።

ስለጠየቅሽኝ ስም፤ አገሩ ሰፊ ነው፣ ስምም ይደጋገማል። ሐኪም ሐኪም ነው። አንቺ ሥራሽን አታስተጓጉዪ።

አክስትሽ ከአቦ ጸበል አስቀድታ በሃይላንድ አሽጋ ልካልሻለች። የሚያመጣልሽ የጎረቤታችን የምሳው ልጅ ናት፤ ለዘመድ ጥየቃ መጥታ ወደዚያው ልትመለስ ነው። ቀጥሎ ያለውን አክስትሽ አጠገቤ ተቀምጣ እንዳለችኝ ነው የምጽፈው። «በዕለቱ በማለዳ፣ በባዶ ሆድሽ፣ ሳታስተርፊ ጠጪው። ዘመናይ ሳትጠጣው ቀርታ ነው እንዲያ የሆነችው። ከልክለዋት ነው። አንቺን ማንም እንዳይከለክልሽ፤ ደብቀሽም ቢሆን ጠጪ።»

ጻፈው አለችኝ፣ ጻፍኩት።

ከዚህ በላይ የምጽፈው ነበረኝ። መብራቱ ስለጠፋ እዚህ ላይ ላቁም።

አጎትሽ
ንጋቱ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 2 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከእናንተ አንድ ሰው አይጉደልብኝ። ሃይላንዱ ደርሶኛል። እትዬ ታይቱ ክዳኑን በሰም አሽገው፣ በነጠላ ቅዳጅ ጠምጥመው ነው የላኩት። መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስገባም ስወጣም አየዋለሁ።

ስለ ስሙ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩ። «አይደለም» አላሉኝም።

ስለዚህ እኔው ማጣራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሆስፒታሉ ደወልኩና ስንት ሰው እንዳስተኛ ጠየቅሁ። ቁጥር አንሰጥም፣ ነገር ግን ስድስት ዓመት ከእኛ ጋር ነው፣ ከባድ ሰዎችን ለእሱ ነው የምንሰጠው አሉኝ። «ከባድ» ያሉት ኪሎውን ይሁን ሕመሙን አልገባኝም።

ከዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ጠየቅሁ።

«እጁ ቀላል ነው» አለችኝ አንዷ። «ሁለተኛዋን ስወልድ ወገቤን ሲወጋኝ ትንኝ መሰለችኝ።»

«ሰውየው ግን አይስቅም» አለች ሌላዋ። «ሠርግ ጠርተነው ሰዓቱን ሲያይ አመሸ።»

«ታዲያ አስተኝቶሽ እንዲስቅብሽ ነው የፈለግሽው?»

ተሳሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ራሱን አገኘሁት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚያስተኛው ሰው ይጠይቅሻል ብለው ቀጥረውኝ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ወረቀቴን አይቶ በአማርኛ ጀመረ።

«የትውልድ ቦታ ሰቆጣ ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

የእናቴን ስም ነገርኩት። የእናቴ ወንድም ማን እንደሆነ አልነገርኩትም። አላወቀኝም ብዬ አሰብኩ። ወይም ማወቁን አላሳየኝም። አቤቱታው ላይ ያሉትን ስሞች አንብቦ ይሆን? ስም በአሥር ዓመት ይረሳል? የሚፈርመው ሰው ይረሳዋል። የተፈረመበት ሰውስ?

ስለ ጥርሴ ጠየቀኝ። ስለ ማንኮራፋቴ ጠየቀኝ። አፌን አስከፍቶ አየ። ከዚያ፣ «በዕለቱ ጠዋት ምን ትቀምሻለሽ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ውሃስ?»

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ አልጠጣም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጸበልስ?»

ማንም ፈረንጅ የማይጠይቀው ጥያቄ ነው። ሃይላንዱን በመስኮቴ በኩል ያየው መሰለኝ።

«ለምን ይጠይቁኛል?»

«የአገሬን ሰው ሁሉ ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ» አለ። «ጸበሉን ተቀቢው፣ ታጠቢበት፣ ግንባርሽን እርጪው። በዚያ ጠዋት ግን በአፍሽ እንዳይገባ።» ይህን ሲል አላየኝም፤ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

አጎቴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመናይን ገደላት ብለን የፈረምንበት ሰው አትጠጪ ይለኛል። እርስዎና እትዬ ታይቱ ደብቀሽም ቢሆን ጠጪ ይሉኛል። ሰው ይቀየርልኝ ብል ቀኑ ለሚቀጥለው ሰኔ ይተላለፋል፤ እስከዚያ ትንፋሼ እየቆመ ስንት ሌሊት እንደሚመለስ አላውቅም። እምቢ ብዬ ብቀር ሐኪሟ ልብሽ አይችልም ብላኛለች።

ማንን ልስማ? ከኅዳር 25 በፊት አንድ ቃል ያድርሱልኝ።

ዘመናይ ያን ቀን ጠዋት እንዴት ነበረች? ጠይቄዎት አላውቅም።

ሶስና


ሰቆጣ፣ ኅዳር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ ሶስና፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ይህኛው በጊዜ አይደርስሽም፤ ቀኑን ቆጥሬዋለሁ። ስልክ መደወል አለብኝ። ነገር ግን ሳልጽፈው መናገር አልችልም። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ እጽፍና ነው ወደ ተማሪው ዞሬ የምናገረው።

እጽፋለሁ።

ዛሬ አልቻልኩም።


ኅዳር 21

አክስትሽ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

በዚያ ጊዜ ዘመናይን ይዤ ወልድያ ሆስፒታል የወረድኩት ብቻዬን ነበር። አክስትሽ አራስ ስለነበረች ቀረች። ጸበሉን በትንሽ ጀሪካን ያስያዘችኝ እሷ ናት። ሆስፒታሉ አጠገብ ካለች ቤት አደርን። ሊነጋጋ ሲል ዘመናይ ሕመሙ ጠናባት። ጸበል ለሆድ ሕመም እንዴት እንደሚጠጣ ታውቂያለሽ፤ እስኪያስመልስ ነው። ሕመሙን ይዞት ይወጣል። በጆግ ቀዳሁላት። ጠጣች። ደገምኩላት። ጠጣች።

አላስመለሳትም።

ጠበቅን። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አባዬ፣ ይንቦጫረቃል» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተራዋ ደረሰና ጠሯት።

በሩ ላይ ደጅይጥኑ ቆሞ ነበር። «መምህር፣ የቀመሰችው ነገር አለ?» አለኝ።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም።»

አልዋሸሁም። በዚያች ደቂቃ አልዋሸሁም። ጸበልን ከመብልም ከመጠጥም አልቆጠርኩትም። እኔ፣ ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው፤ የሆድ ዕቃን ሥዕል በጠመኔ ስሥል የኖርኩ።

ውሸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደጅይጥኑ ወጣ። ጓንቱን አላወለቀም ነበር። «ውሃ ከሆዷ ወጥቶ ሳንባዋ ገባ» አለኝ። «መምህር፣ ውሃ ሰጥተዋታል?» ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። የሚያየኝ ሰው ባይኖር ኖሮ… አላውቅም። ያኔም እዋሽ ነበር? ይህን ጥያቄ አሥር ዓመት ጠይቄዋለሁ።

«አልሰጠሁም» አልኩት። ቀጥዬም «ገዳይ» አልኩት። ጮክ ብዬ።


ኅዳር 22

አክስትሽ አስከሬኑን ስትቀበል መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ጠጣችው?» ብላ ነው።

«አልጠጣችም፤ ከለከሏት» አልኳት። ጀሪካኑ አውቶቡስ ላይ ተረሳ አልኳት።

ለዚህ ነው ጠጪ ያለችሽ። በእኔ ውሸት ነው። እኔም በገዛ እጄ፣ በሚያምረው ጽሕፈቴ፣ ጻፍኩልሽ። መብራቱም አልጠፋም ነበር፤ ያን የጻፍኩት ቀን በጠራራ ፀሐይ ነበር።

አቤቱታውንም የጻፍኩት ይኸው እጅ ነው። ያነበቡት ሁሉ አለቀሱ። እንዲያ አድርጌ ሌላ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም።


ኅዳር 24

ዛሬ ስልክ ቤት ሄድኩ። የገበያ ቀን ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው። ስልኩን የምታገናኘው ባንቺ የምትባል፣ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ከብዙ ጥበቃ በኋላ፣ «ስዊድን! መምህር ይግቡ!» ብላ ጮኸች። የስልክ ሳጥኑ በር አይዘጋም። ድምፅሽን ሰማሁት። ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ጸበሉን አትጠጪ!» አልኩሽ።

«ምን አሉኝ?»

«አትጠጪ! እሱ ያለሽን ስሚ!»

ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዲያቆን አስማረ ወረፋው ውስጥ ነበር፤ እሱም ተማሪዬ ነው። «የኔታ፣ በጾሙ መሐል ጴንጤ ሆኑ እንዴ?» አለ። ሳቁ።

ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት። ለአንቺ ነበር የምጮኸው። «ዘመናይ ጠጥታ ነው የሞተችው! እኔ ነኝ ያጠጣኋት! እሱ አልገደላትም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት!»

ሳቁ ቆመ።

መልስሽን ጠበቅሁ። ባንቺ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣችና መነጋገሪያውን ከእጄ ወሰደችው። «መምህር፣ መስመሩ ከተቆረጠ ቆየ እኮ» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር።

የትኛው ቃል ላይ እንደተቆረጠ አላውቅም። ሰቆጣ ግን ሙሉውን ሰምታለች። ዳግመኛ እንድትሞክር ለመንኳት፤ እስከ ማታ አልያዘም።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። አክስትሽ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም።

«ስንት ጆግ?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«ሁለቱንም ጨረሰችው?»

«ጨረሰችው።»

ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ድንጋይ የሌለበትን ምስር ደግማ ደጋግማ ትለቅመዋለች።


ኅዳር 25

ዛሬም ሄድኩ። መስመር የለም። ይህን በአውቶቡሱ እልካለሁ። ከነገ ወዲያ ምን እንዳደረግሽ የማውቀው ስትጽፊ ነው፤ ከጻፍሽ።

አክስትሽ እስካሁን ሌላ ቃል አልተናገረችኝም።

ንጋቱ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመምህር ንጋቱ፣ ለእትዬ ታይቱም፣

አለሁ። ይህን ቃል አስቀድሜ የጻፍኩት ቀሪውን ተረጋግተው እንዲያነቡት ነው።

በስልክ የሰማሁት «እሱ ያለሽን ስሚ» እስከሚለው ነው። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ለምን አትጠጪ እንዳሉኝ አላወቅሁም። ሦስት ሌሊት ሃይላንዱን እያየሁ አደርኩ። አንዴ ሰሙን በጥፍሬ ጀምሬው ነበር። እትዬ ታይቱ ደክመው የላኩት ነው፤ እርስዎም አርጅተዋል፣ ምናልባት ሰው አስፈራርቶዎት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጥፍሬ ሰሙ ውስጥ እንዳለ ድምፅዎ መጣብኝ። አጎቴ ጮኸው አያውቁም። ተውኩት።

በዕለቱ አልጋው ላይ ተጋድሜ ሳለ ደጅይጥኑ ራስጌዬ መጣ። አፉ ተሸፍኗል፤ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

«ምን ቀመስሽ?»

«ምንም።»

«ጸበልስ?»

«እንደታሸገ ቤቴ ነው። አጎቴ ናቸው አትጠጪ ያሉኝ።»

«አጎትሽ ማን ናቸው?»

እዚያ ላይ ሆኜ ምን እደብቃለሁ? «መምህር ንጋቱ» አልኩት። «አቤቱታው ላይ አራተኛዋ ፈራሚ እኔ ነኝ።»

እጁ ጭንብሉን እንደያዘ አየር ላይ ቆመ። እኔ ትንፋሼን እየቆጠርኩ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ። «የጠየቅሁሽ ማክሰኞ ዕለት ነው ያወቅሁሽ። ሰው ልቀይርልሽ?»

«አይሆንም» አልኩት።

«እንግዲያው በእናትሽ ቋንቋ ቁጠሪ።» በኸምጣኛ መቁጠር ጀመርኩ። አምስት መድረሴን አላስታውስም።

ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ተራው አልቆ ልብሱን ቀይሮ ነበር፤ ግን አልሄደም።

ደብዳቤዎ ከዚያ ወዲህ በአሥራ አራተኛው ቀን ደረሰኝ። ሦስት ቀን ከራሴ ጋር አቆየሁት፤ አራተኛው ቀን ወሰድኩለት። ሳላስፈቅድዎት ነው። ይቅር ይበሉኝ፤ ካላሉኝም ይሁን። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አነበበው። አንድ ቦታ ደርሶ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ዘመናይ ሆዷን ይዛ የሳቀችበትን መሰለኝ። ከዚያ ወንበር ፈለገ።

«መድኃኒቱን ነበር የምቆጥረው» አለኝ። «አሥር ዓመት። ምናልባት አብዝቼባት ይሆናል፣ ምናልባት አንድ ነገር ረስቼ ይሆናል እያልኩ። ውሃ መሆኑን በዓይኔ አይቼ፣ አልሰጠሁም ሲሉኝ ዓይኔን ተጠራጠርኩ። መምህር ናቸው፣ አይዋሹም ብዬ።»

ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝ። የሚቀጥለው በሽተኛ ይጠብቀው ነበር።

እትዬ ታይቱ፣ ጸበልዎን ተቀብቼዋለሁ። ግንባሬንና የተሰፋሁበትን ቦታ። አልጣልኩትም።

አጎቴ፣ ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ። ባዶ ነው ብለው እንዳይጥሉት፤ ወደ ታች ይመልከቱ። በስተግርጌ እንደ አቤቱታው ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ጽፌበታለሁ፤ አራተኛው ላይ ፈርሜያለሁ። ከሌሎቹ ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን ለመፈረም እጁን እንደሚሰጥ እርስዎ ያውቃሉ። የመጀመሪያው መስመር የእርስዎ ነው።

ከላይ ያለውን ባዶ ቦታ እርስዎ ይሙሉት። ያኔ በጻፉበት ጽሕፈት።

ሶስና